ናይትራይት የዲናይትሪፋየር ባክቴሪያዎችን የኃይል አያያዝ እንዴት እንደሚለውጥ በቤተ ሙከራ መለካት፦ ከሐዋሳ የተጻፈ ዝርዝር መመሪያ

ከጥቁር ውሃ ወንዝ አፍ የተቀዳ ጭቃ ናይትሬት ባለው ሚዲያ (ባክቴሪያ ማሳደጊያ ፈሳሽ) ውስጥ ገብቶ፣ አየር እንዳይገባው ተከድኖ ሞቅ ያለ ቦታ ሲቀመጥ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጥቃቅን አረፋዎች ከሥር ወደ ላይ መውጣት ይጀምራሉ። አረፋው በአብዛኛው የናይትሮጂን ጋዝ ነው፤ ናይትሬትን ወደዚህ ጋዝ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ዲናይትሪፋየር ይባላሉ። አረፋው ከመታየቱ በፊት ግን ከዚያው ጠርሙስ በሲሪንጅ ጥቂት ቀድተው የግሪስ ሪኤጀንት ቢጨምሩበት፣ ፈሳሹ በደቂቃዎች ውስጥ ቀይ ሥር የተቀቀለበት ውሃ ይመስላል። ቀለሙን ያመጣው ናይትራይት ነው። ይህ መመሪያ ናይትሬቱ እየቀነሰ ጋዙም ገና በብዛት ሳይወጣ በመካከል ስለሚጠራቀመው ስለዚህ ናይትራይት፣ በተለይም ባክቴሪያው ከምግቡ የሚያገኘውን ኃይል እንዴት እንደሚያባክንበት የሚመለከት ነው።

በየጊዜው በማነባቸው የተማሪዎች የምርምር ጽሑፎች ውስጥ «ናይትራይት እድገትን ገታ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይገኝና ነገሩ እዚያው ላይ ይቆማል። «ገታ» የሚለው ቃል ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይደብቃል። ባክቴሪያው ማደግ የሚጀምርበት ጊዜ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል፤ የአተነፋፈሱ ፍጥነት ቀንሶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም እንደ ወትሮው እየተነፈሰ ከትንፋሹ የሚያገኘው ትርፍ አንሶ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ የተለያየ ምክንያት፣ የተለያየም መፍትሔ አላቸው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የተዘጋጁት እነዚህን ሦስቱን ለመለየት ነው።

ጉዳዩ ለሐዋሳ ሩቅ አይደለም። የሐዋሳ ሐይቅ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ስለዚህ ከእርሻ፣ ከከተማ ፍሳሽና ከፋብሪካ ወደ ሐይቁ የሚገባ ናይትሮጂን በደለል ውስጥ ካልተቀበረ ወይም ከዓሣው ጋር ካልወጣ፣ ከውሃው የሚለቅበት ዋናው መንገድ ባክቴሪያዎች ወደ ጋዝ ሲለውጡት ነው። ሥራው በናይትራይት ምክንያት ከመንገድ ከተሰናከለ ደግሞ የመጨረሻው እርከን ሳይፈጸም ይቀርና ናይትረስ ኦክሳይድ ወደ አየር ይወጣል፤ ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ያህል ሙቀት የማመቅ አቅም አለው።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ምን እንደሚለካ መረዳት

ዲናይትሪፋየር ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ሲያገኙ በኦክስጅን ይተነፍሳሉ፤ ሲያጡ ወደ ናይትሬት ይዞራሉ። ናይትሬት ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይት ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድ፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ ወደ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ እሱም በመጨረሻ ወደ ናይትሮጂን ጋዝ ይለወጣል። አንድ የናይትሮጂን አቶም ይህን መንገድ ሲጨርስ 5 ኤሌክትሮን ይቀበላል፤ 2ቱን እስከ ናይትራይት ድረስ፣ የቀሩትን 3 ደግሞ በየእርከኑ አንድ አንድ እያደረገ። ይህን ቁጥር በደንብ ይያዙት፤ ኋላ ላይ ሒሳቡ በሙሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው።

ኤሌክትሮኖቹ ከምግቡ ተነሥተው በሕዋሱ ሽፋን ውስጥ ሲያልፉ ፕሮቶኖች ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ወደ ውጭ የተገፉት ፕሮቶኖች ኤቲፒ ሲንቴዝ በተባለው ኢንዛይም በኩል ሲመለሱ ሕዋሱ ለሥራው ሁሉ የሚያወጣው የኃይል ሞለኪውል፣ ኤቲፒ፣ ይሠራል። በደንብ ከተጠኑት ባክቴሪያዎች አንዱ በሆነው በፓራኮከስ ዲናይትሪፊካንስ፣ ከኤንኤዲኤች (ከምግቡ የተገኙ ኤሌክትሮኖችን ከሚሸከመው ሞለኪውል) የተነሡ 2 ኤሌክትሮኖች ኦክስጅን ላይ ሲደርሱ እስከ 10 ቻርጅ በሽፋኑ ማዶ ይሻገራል፤ ወደ ናይትሬት ወይም ወደ ሌሎቹ የናይትሮጂን ኦክሳይዶች ሲሄዱ ግን 6 ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ብዙዎች ሳያስተውሉ የሚያልፉት ነገር አለ። ሽፋን ውስጥ የተቀመጠው የናይትሬት ሪዳክቴዝ (ናይትሬትን ወደ ናይትራይት የሚለውጠው ኢንዛይም) ሥራ ላይ ከሆነ፣ ኤሌክትሮኖቹ ናይትሬት ላይም ይረፉ ናይትራይት ላይ፣ ለየ2 ኤሌክትሮኑ የሚገኘው ቻርጅ ያው 6 ነው። ስለዚህ ናይትራይት የጨመርንበት ባክቴሪያ በእያንዳንዱ ኤሌክትሮን ያፈራው የሕዋስ ምርት ከቀነሰ፣ «ናይትራይት ዝቅተኛ ኃይል የሚሰጥ ኤሌክትሮን ተቀባይ ስለሆነ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ የሆነ ቦታ ኃይል እየባከነ ነው ማለት ነው።

በገጠር የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው ብክነቱን በቀላሉ ይረዳዋል። ቦዩ ከጎኑ ከተቀደደ ውሃው እንደ ወትሮው ይወርዳል፣ ድንጋዩ ግን አይዞርም፣ ዱቄትም የለም። ናይትራይት ይህን ቀዳዳ የሚከፍተው በናይትረስ አሲድ መልክ ነው ተብሎ ይታሰባል። ናይትራይት ፕሮቶን ሲይዝ ቻርጅ የሌለው ናይትረስ አሲድ ይሆናል፤ ቻርጅ ስለሌለውም የሕዋሱን ሽፋን ሰርጎ ያልፋል፤ ውስጥ ሲገባ ፕሮቶኑን ይለቃል። ፕሮቶኑ በኤቲፒ ሲንቴዝ በኩል ሳይሆን በአቋራጭ ስለገባ ምንም ሥራ አልሠራም። ይህን ዓይነቱን ብክነት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «መላቀቅ» እለዋለሁ፤ ትንፋሹና የኤቲፒ ሥራው ተጣምረው ይሄዱ የነበሩ ሲሆኑ አሁን ተላቀዋልና።

ሁለተኛው ጉዳት ከዚህ ይለያል። ናይትራይት ሲበዛ ናይትሪክ ኦክሳይድም ሊጠራቀም ይችላል፤ ይህ ጋዝ ብረት ባላቸው ኢንዛይሞች ላይ እየተጣበቀ የኤሌክትሮኑን መንገድ ራሱን ይዘጋል። በወፍጮው ምሳሌ ብንሄድ ቦዩ አልተቀደደም፣ ከላይ ተደፍኗል። የመጨረሻው እርከን ኢንዛይም፣ ማለትም ናይትረስ ኦክሳይድ ሪዳክቴዝ፣ በተለይ በናይትረስ አሲድ በቀላሉ የሚጎዳ ነው።

ደረጃ 1፦ ባክቴሪያውን ማግኘት

ንጹሕ ካልቸር (አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ብቻ ያለበት) በእጅዎ ካለ ይህን ደረጃ ይዝለሉት። ከሌለ ከሐይቁ ዳር ወይም ከፍሳሽ ማጣሪያ ጭቃ ያገኛሉ። ከሐይቁ የሚቀዱ ከሆነ ቦቲ ጫማና ረጅም ጓንት ያድርጉ፤ በዳርቻው ቢልሃርዚያ አለ፣ ሸንበቆው ውስጥም ጉማሬ ሊኖር ስለሚችል ቦታውን ከሚያውቅ ጀልባ ቀዛፊ ጋር መሄድ ይሻላል። ከላይኛው ውሃ ሳይሆን ከሥር ያለውን ጥቁር ጭቃ ይውሰዱ፤ ዕቃውን እስከ አፉ ሞልተው ይክደኑት።

ከጭቃው 1 ግራም ያህል በናይትሬት ሚዲያ ውስጥ ያሳድጉ፤ አረፋ ሲያሳይ ከእሱ ጥቂት ወስደው ወደ አዲስ ሚዲያ ያዛውሩ፤ ሦስት ጊዜ ከደጋገሙ በኋላ በአጋር ላይ አሰራጭተው ነጠላ ቅኝ (ኮሎኒ) ይምረጡ። የተመረጠው ቅኝ እውነተኛ ዲናይትሪፋየር መሆኑ የሚረጋገጠው በደርሃም ቱቦ (በሚዲያው ውስጥ ተገልብጦ በሚቀመጥ ትንሽ ቱቦ) ውስጥ ጋዝ ሲያጠራቅም ነው። ናይትሬትን ወደ ናይትራይት ለውጠው እዚያው የሚቆሙ ባክቴሪያዎች ብዙ ናቸው፤ እነሱም ቀይ ቀለም ስለሚሰጡ በቀለሙ ብቻ አይወስኑ። በተቃራኒው ቀለም ባይመጣ ጥቂት የዚንክ ዱቄት ይጨምሩ፤ ያኔ ከቀላ ናይትሬቱ ገና አልተነካም፣ ካልቀላ ናይትሬቱም ናይትራይቱም አልቀዋል።

ደረጃ 2፦ ሚዲያውን ማዘጋጀት

ለአንድ ሊትር 1.01 ግራም ፖታሲየም ናይትሬት ይመዝኑ፤ ይህ 10 ሚሊሞላር ነው። ለምግብ 20 ሚሊሞላር ሶዲየም አሲቴት ያስገቡ፤ በማሰሮው ላይ «አንሃይድረስ» የሚል ከሆነ 1.64 ግራም፣ «ትራይሃይድሬት» የሚል ከሆነ 2.72 ግራም ይሆናል። ሁለቱን ማሳሳት የተለመደ ስሕተት ነው። አንድ አሲቴት 8 ኤሌክትሮን ስለሚሰጥ 20 ሚሊሞላር አሲቴት ማለት 160 ሚሊሞል ኤሌክትሮን በሊትር ነው፤ ከዚህ በታች በምንጠቀማቸው መጠኖች ባክቴሪያው የሚቀበለው ከ110 ስለማይበልጥ፣ ለሕዋስ መሥሪያ ከሚውለው ጋር እንኳ ምግቡ ቀድሞ እንዳያልቅ ይበቃል። ከዚህ ሌላ 0.5 ግራም አሞኒየም ክሎራይድ፣ 0.2 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት ሄፕታሃይድሬትና 0.02 ግራም ካልሲየም ክሎራይድ ይጨምራሉ።

ጥቃቅን ማዕድናትም (ሞሊብዲነም፣ መዳብ፣ ብረት) ይጨመራሉ፤ እንደ ተራ ማጣፈጫ አይዩአቸው። ናይትሬት ሪዳክቴዝ ያለ ሞሊብዲነም አይሠራም፤ ናይትረስ ኦክሳይድ ሪዳክቴዝ ያለ መዳብ አይሠራም፤ ከናይትራይት ሪዳክቴዝ ሁለት ዓይነቶች አንዱ መዳብ፣ ሌላው ብረት ያለበት ሄም ይፈልጋል። መዳብ የጎደለበት ሚዲያ ናይትረስ ኦክሳይድ ያጠራቅማል፤ እርስዎም ጥፋቱን በናይትራይት ላይ ይጭናሉ።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልብ ወደሚፈልገው ነገር እንምጣ፤ እሱም ፒኤች ነው። ዲናይትሪፊኬሽን አሲድን እየበላ የሚሄድ ሥራ ስለሆነ ባፈር (ፒኤቹ እንዳይለዋወጥ የሚይዝ ውሕድ) በሌለው ሚዲያ ውስጥ ፒኤቹ በራሱ ይወጣል። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዙር ባፈሩን በጣም አሳንሼ ሠርቼ፣ ብዙ ናይትራይት ያለባቸው ጠርሙሶች ለሁለት ቀን ዝም ብለው ቆይተው በሦስተኛው ቀን በድንገት ሲያድጉ «ባክቴሪያው ተላመደ» ብዬ በማስታወሻ ደብተሬ ጻፍኩ። ፒኤቹን ስለካ ከ7 ተነሥቶ ወደ 9 ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር። ፒኤቹ በ1 ሲጨምር ናይትረስ አሲዱ ወደ አንድ አሥረኛ ስለሚወርድ፣ ባክቴሪያው የተላመደው ነገር አልነበረም፤ መርዙ ራሱ ጠፍቶለት ነው። ስለዚህ 50 ሚሊሞላር የፎስፌት ባፈር ይጠቀሙ። ለፒኤች 7.0 በሊትር 5.36 ግራም ዳይፖታሲየም ሃይድሮጂን ፎስፌትና 2.62 ግራም ፖታሲየም ዳይሃይድሮጂን ፎስፌት ይወስዳሉ፤ ለ6.6 በቅደም ተከተል 3.32 እና 4.21 ግራም፤ ለ7.8 ደግሞ 7.91 እና 0.63 ግራም። ቁጥሮቹ መነሻ ናቸው፤ መጨረሻ ላይ በፒኤች ሜትር ያስተካክሉ። ከ8 በላይ ያለው የሐይቁ ውሃ ፒኤች በዚህ ባፈር አይያዝም፤ ለዚያ ሌላ ባፈር ያስፈልጋል።

ፎስፌቱን ከካልሲየምና ከማግኒዥየሙ ለይተው አውቶክሌቭ ያድርጉ (በግፊት እንፋሎት ያምክኑ)፤ አብረው ከሞቁ ነጭ ዝቃጭ ይፈጥራሉ። ስለ አውቶክሌቭ ካነሣን፣ ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ውስጡ ያለው ሙቀት 121 ሳይሆን 118 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። መሣሪያው ቴርሞሜትር ካለው በእሱ ይመሩ፤ ከሌለው ጊዜውን ያራዝሙ፤ መሣሪያው ከተሠራለት በላይ ግፊቱን አያስጨንቁት። የናይትራይቱን ሶሉሽን ግን አያሙቁት፤ በ0.2 ማይክሮሜትር ፊልተር አሳልፈው ከቀዘቀዘው ሚዲያ ጋር ይቀላቅሉ።

ሶዲየም ናይትራይት ሲታይ ልክ የገበታ ጨው ይመስላል፤ ከተዋጠ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ ሰውም ይገድላል። በማሰሮው ላይ በአማርኛ «መርዝ» ብለው በትልቁ ይጻፉ፤ የጽዳት ሠራተኛም ሆነ ሻይ የምታፈላ እህት በማትገባበት ክፍል ይቆልፉበት። ከአሲድ ጋር ከተገናኘ መርዛማ ጋዝ ያወጣልና አሲድ ካለበት መደርደሪያ ያርቁት።

ደረጃ 3፦ ኦክስጅንን ማስወጣት

100 ሚሊ ሊትር በሚይዝ የሴረም ጠርሙስ 60 ሚሊ ሊትር ሚዲያ ይሙሉ፣ በቡቲል ጎማ ከድነው በአሉሚኒየም ቆብ ያጥብቁ። በሁለት መርፌዎች፣ በአንዱ እያስገቡ በሌላው እያስወጡ፣ ናይትሮጂን ወይም አርጎን ለ15 ደቂቃ በፈሳሹ ውስጥ ያሳልፉ። በዚህ ከፍታ በ25 ዲግሪ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በሊትር 6.8 ሚሊ ግራም ገደማ በመሆኑ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ጨርሶ ካልወጣ ባክቴሪያው መጀመሪያ ያንን ይተነፍሳል፣ የኤሌክትሮን ሒሳቡም ይዛባል።

ኦክስጅን የለም ለማለት ሬሳዙሪን የተባለውን ቀለም መጠቀም የለመዱ ሰዎች እዚህ ይጠንቀቁ። ናይትሬትና ናይትራይት ባሉበት ሚዲያው ቀለሙን ወደሚያጠፋው ዝቅተኛ ፖቴንሻል ላይወርድ ስለሚችል ሮዝነቱ ይቀራል፤ ይህ የግድ ኦክስጅን አለ ማለት አይደለም። ሲስቲንና ሰልፋይድም አይጨምሩ፤ ሰልፋይድ ናይትረስ ኦክሳይድ ሪዳክቴዝን ይጎዳል፣ ሲስቲን ደግሞ ከናይትራይት ጋር ራሱ ይዋሐዳል።

ደረጃ 4፦ የጠርሙሶቹ አሰላለፍ

መጀመሪያ በፒኤች 7.0 ብቻ ይሥሩ። ናይትራይት 0፣ 2፣ 5፣ 10 እና 20 ሚሊሞላር፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ጠርሙስ፣ በድምሩ 15። 10 ሚሊሞላር ማለት በሊትር 0.69 ግራም ሶዲየም ናይትራይት ነው። ናይትራይቱ ሲጨምር ሶዲየሙም አብሮ ስለሚጨምር የሁሉም ሶዲየም እኩል እንዲሆን በጎደለው ልክ የገበታ ጨው ያሟሉ፤ ለምሳሌ 5 ሚሊሞላር ናይትራይት ያለበት ጠርሙስ 15 ሚሊሞላር ጨው ይጨመርበታል። ይህ ካልተደረገ የጨውን ጉዳት ለናይትራይት ይሰጡታል። ባክቴሪያ የሌለባቸው ሁለት፣ በሙቀት የተገደለ ባክቴሪያ ያለባቸው ሁለት ጠርሙሶችም ይጨምሩ፤ ብረት ያለበት ሚዲያ ያለ ባክቴሪያም ናይትራይትን በኬሚካላዊ መንገድ ሊያጠፋ ስለሚችል የእነሱን መጠን መቀነስ ይኖርብዎታል።

የሚዘራው ባክቴሪያ ቀድሞ ያለ ኦክስጅን በናይትሬት ያደገና ገና በፍጥነት እያደገ ያለ ይሁን። በአየር ውስጥ ያደረ ካልቸር የዲናይትሪፊኬሽን ኢንዛይሞቹን እንደ አዲስ እስኪሠራ ይዘገያል፤ መዘግየቱም ከናይትራይት ጉዳት ጋር ይደባለቃል። ሁሉንም በ30 ዲግሪ ያስቀምጡ። መብራት ሲጠፋ ሙቀቱ ቶሎ እንዳይወርድ ጠርሙሶቹን በፎም ሳጥን ውስጥ፣ በሞቀ ውሃ በተሞሉ ፕላስቲኮች መካከል ማቆየት ያዋጣል፤ የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ግን ሳይመዘግቡ አይለፉ።

ደረጃ 5፦ ናሙና መውሰድና መለካት

በየ2 ሰዓቱ 1.5 ሚሊ ሊትር ይውሰዱ፤ ከመውሰድዎ በፊት ያንኑ ያህል ናይትሮጂን በሲሪንጅ ያስገቡ፣ አለዚያ ጠርሙሱ አየር ይስባል። የሕዋሱን ብዛት የሚያሳየውን የፈሳሹን ብጥብጥነት በ600 ናኖሜትር ይለኩ፤ የቀረውን ወዲያው በፊልተር አሳልፈው በበረዶ ላይ ያኑሩ። ናይትራይት በዚያው ቀን ይለካ። ፒኤቹን በመጀመሪያና በመጨረሻ ብቻ ሳይሆን በመሃልም ይለኩ፤ ለዚህ ከየመደቡ አንድ ጠርሙስ መሥዋዕት ማድረግ ያስፈልግ ይሆናል።

የግሪስ ምርመራ ሰልፋኒላማይድና ናፍቲል ኤቲሊን ዳያሚን የተባሉ ሁለት ሪኤጀንቶችን ይፈልጋል፤ ቀለሙ በ540 ናኖሜትር አካባቢ ይነበባል። ጠንካራ ጎኑም ደካማ ጎኑም በጣም ጥቂት ናይትራይትን እንኳ ማሳየቱ ነው። በአስተማማኝ የሚያነበው በሊትር እስከ 1 ሚሊ ግራም ናይትሮጂን ድረስ ሲሆን 10 ሚሊሞላር ግን 140 ሚሊ ግራም ነው፤ ስለዚህ 200 ጊዜ መቅጠን አለበት። ሳይቀጥን የገባ ናሙና ለአፍታ ቀልቶ ወዲያው ወደ ቡኒ ወይም ወደ ቢጫ ሲመለስ ያዩታል፤ ተማሪው ይህን «ናይትራይት የለም» ብሎ ይመዘግባል፣ እውነቱ ግን ከልክ በላይ መብዛቱ ነው። ቀለሙ የጠፋ ናሙና ሲያጋጥምዎ አቅጥነው ይድገሙት።

አሲቴቱን በቀጥታ መለካት ሳይቻል ቀርቶ ሲኦዲ (በፈሳሹ ያለውን ምግብ በኬሚካል ለማቃጠል የሚፈጀውን የኦክስጅን መጠን) የሚለኩ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ሚሊ ግራም የናይትራይት ናይትሮጂን 1.1 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን በውሸት እንደሚጨምር ያስታውሱ፤ 140 ሚሊ ግራም ናይትራይት ናይትሮጂን ብቻውን ከ150 በላይ ሲኦዲ ሆኖ ይታያል። ይህ በሰልፋሚክ አሲድ ቀድሞ ይወገዳል።

ደረጃ 6፦ ሒሳቡ

በመጀመሪያ ናይትረስ አሲዱን ያስሉ። የናይትራይት ናይትሮጂኑን በሊትር በሚሊ ግራም ወስደው፣ በአሲዱ ቋሚ ቁጥርና 10 በፒኤቹ ከፍ ብሎ በሚገኘው ቁጥር ብዜት ያካፍሉ። የአሲዱ ቋሚ ቁጥር በ30 ዲግሪ 0.000505 ያህል ነው። በዚህ መሠረት 10 ሚሊሞላር ናይትራይት በፒኤች 7.0 በሊትር 0.028 ሚሊ ግራም፣ በ6.6 0.070፣ በ7.8 ደግሞ 0.0044 ሚሊ ግራም የናይትረስ አሲድ ናይትሮጂን ይሰጣል። የተመዘነው ናይትራይት አንድ ሆኖ ሳለ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ልዩነት 16 እጥፍ ነው።

ቀጥሎ ባክቴሪያው የተቀበላቸው ኤሌክትሮኖች ይሰላሉ። በመነሻ የነበረውን ናይትሬት በ5፣ ናይትራይቱን በ3 አባዝተው ይደምሩ፤ ናሙናው በተወሰደበት ሰዓት የቀሩትንም እንዲሁ አድርገው ይቀንሱ። በ10 ናይትሬትና በ10 ናይትራይት የተጀመረ ጠርሙስ መነሻው 80 ነው፤ ናይትሬቱ አልቆ 6 ሚሊሞላር ናይትራይት ከቀረ 18 ተቀንሶ 62 ሚሊሞል ኤሌክትሮን በሊትር ይሆናል። ናይትረስ ኦክሳይድ የሚጠራቀም ከሆነ ለያንዳንዱ የናይትሮጂን አቶሙ 1 ኤሌክትሮን ተጨማሪ ይቀነሳል።

አሁን የሕዋሱን ምርት በኤሌክትሮኖቹ ያካፍሉ። ለስሌት ብቻ ያህል፣ ናይትራይት ያልተጨመረበት ጠርሙስ 50 ኤሌክትሮን ተቀብሎ ብጥብጥነቱ 0.60 ከደረሰ ለአንድ ኤሌክትሮን 0.012 ነው፤ ናይትራይት ያለበት 62 ተቀብሎ 0.45 ላይ ከቆመ 0.0073 ነው፤ ይህም የማነጻጸሪያውን 60 በመቶ ያህል ነው። ብጥብጥነት በሕዋስ ቅርጽና መጠን ስለሚለዋወጥ መጨረሻ ላይ የደረቀ ክብደት መዝነው ቁጥሩን ያረጋግጡ።

ደረጃ 7፦ ውጤቱን ማንበብ

እድገት የሚጀምርበት ጊዜ ብቻ ዘግይቶ ፍጥነቱና ምርቱ እኩል ከሆኑ ባክቴሪያው ራሱን ለማስተካከል ጊዜ ወስዷል፣ የኃይል ጉዳት የለም። አንድ ግራም ሕዋስ በሰዓት የሚቀበለው ኤሌክትሮን ቀንሶ ምርቱ ካልተነካ፣ ቦዩ ከላይ ተደፍኗል፤ ጥርጣሬዎን ወደ ናይትሪክ ኦክሳይድና ወደ ኢንዛይሞቹ ያዙሩ። ምርቱ ቀንሶ ሳለ የአንድ ግራም ሕዋስ የአተነፋፈስ ፍጥነት ካልቀነሰ ወይም ጭራሽ ከጨመረ ግን የመላቀቅ ምልክት ነው።

በተግባር ሁለቱ ተደባልቀው ይመጣሉ፤ እዚህ ላይ መታገሥ ያስፈልጋል። ቀስ ብሎ የሚያድግ ማንኛውም ባክቴሪያ፣ ምንም መርዝ ሳይነካው እንኳ፣ ለመኖር ብቻ የሚያወጣው ኃይል ከጠቅላላው ትልቅ ድርሻ ስለሚይዝ ምርቱ ዝቅ ይላል። በመሆኑም «ምርት ቀነሰ» ተብሎ ወዲያው «ተላቀቀ» አይባልም። የእድገት ፍጥነቱን በአግድም፣ የኤሌክትሮን አቀባበሉን በቁም አድርገው ነጥቦቹን ይሣሉ። የናይትራይት ጠርሙሶቹ ነጥቦች ከማነጻጸሪያው መስመር ጋር የሚገጥሙ ከሆነ የምርቱ መቀነስ የዝግታ ውጤት ነው፤ ከመስመሩ በላይ ወጥተው ከተቀመጡ በእኩል እድገት ብዙ ኤሌክትሮን እየጠፋ ነውና ብክነቱ እውነተኛ ነው። ማነጻጸሪያው መስመር እንዲሆን ናይትራይት የሌለባቸውን ጠርሙሶች በተለያየ ሙቀት ሳይሆን በተለያየ የምግብ አቅርቦት አዘግይቶ ማሳደግ ያስፈልጋል፤ ሙቀት የመኖሪያ ወጪውን ራሱን ይለውጠዋልና።

ከዚያ በኋላ ሙከራውን በ6.6 እና በ7.8 ይድገሙት። የሦስቱን ፒኤች የምርት ነጥቦች አንድ ጊዜ በጠቅላላ ናይትራይት፣ አንድ ጊዜ በናይትረስ አሲድ ላይ ይሣሉ። በናይትረስ አሲድ ሲሣሉ ሦስቱ ወደ አንድ መስመር ከተሰበሰቡ ጉዳቱን የሚያደርሰው አሲዱ ነው፤ በጠቅላላ ናይትራይት ከተሰበሰቡ ናይትራይቱ ራሱ ነው። ሥራው ጠርሙስ ያበዛል፣ ነገር ግን ከጠቅላላው መመሪያ አንድ ደረጃ ብቻ ሥሩ ብባል የምመርጠው ይህን ነው። በናይትራይት መጠን ብቻ የተጻፈ ገደብ ከአንዱ ማጣሪያ ወደ ሌላው አይሻገርም፤ የአንዱ ውሃ ፒኤች 6.8፣ የሌላው 8.5 ሊሆን ይችላልና።

ደረጃ 8፦ ማረጋገጫ

ሕዋሶቹን በሴንትሪፊውጅ ሰብስበው ናይትሮጂን በሌለው ባፈር ሁለት ጊዜ ያጥቡ፤ አሞኒየም ስለሌለ እድገታቸው እጅግ ይቀንሳል፣ በዋናነት ይተነፍሳሉ። አሲቴትና ናይትሬት ሰጥተው ናይትሬቱ የሚያልቅበትን ፍጥነት ይለኩ፤ ከዚያ በአንዱ ላይ ናይትራይት፣ በሌላው ላይ የታወቀ አላቃቂ የሆነውን ሲሲሲፒ በጣም በጥቂቱ ይጨምሩ። ሁለቱም ትንፋሹን በተመሳሳይ አቅጣጫ ካፋጠኑት ክርክርዎ ጠንካራ ድጋፍ አገኘ። ሲሲሲፒ ትንፋሹን አፋጥኖ ናይትራይት ካዘገየው ደግሞ ናይትራይቱ ቢያንስ በዋናነት ዘጊ ነው። የሉሲፈሬዝ ኪት (ኤቲፒ ሲያገኝ ብርሃን የሚሰጥ ኢንዛይም) እና የብርሃን መለኪያ ካለዎት ኤቲፒውን በዚያው ናሙና ይለኩ፤ ትንፋሹ ሳይቀንስ ኤቲፒው ከወረደ ነገሩ ቁርጥ ያለ ነው። ሕዋሱ ኤቲፒውን በሰከንዶች ውስጥ ስለሚያወጣው ናሙናው ከጠርሙሱ እንደወጣ ወዲያው በማውጫው ፈሳሽ ውስጥ መግባት አለበት፤ ለመጓዝ ጊዜ አይሰጥም።

ሥራው ሲያልቅ

ናይትራይት የቀረባቸውን ጠርሙሶች ወደ ፍሳሽ አይድፉ፤ አሲድም አይጨምሩባቸው። በየጠርሙሱ ጥቂት ተጨማሪ አሲቴት በመርፌ አስገብተው፣ የሚፈጠረው ጋዝ ክዳኑን እንዳይፈነቅል በየቀኑ በመርፌ እያስተነፈሱ በ30 ዲግሪ ያቆዩአቸው። በ20 ሚሊሞላር ሞቶ የነበረ የሚመስል ጠርሙስ ካለ በደንብ ካደገው ጠርሙስ ጥቂት ያዛውሩበትና ባፈር ጨምረው ያቅጥኑት። በየሁለት ቀኑ አንድ ጠብታ ወስደው በግሪስ ይሞክሩ። ቀይ ሥር የመሰለው ቀለም በመጀመሪያ ወደ ፈዛዛ ሮዝ ይወርዳል፣ ቀጥሎም ፈሳሹ እንደ ውሃ ጥርት ብሎ ይቀራል፤ አቅጥነው ሲደግሙትም ካልቀላ ያኔ አውቶክሌቭ አድርገው ይድፉት።